ዝርዝር

እሑድ ጠዋት ነው፤ ጤዛው ሳይለቅ ድንጋዩን፣
ሞንቴቪዴዎ ጎዳና ላይ ስትዘረጋ ገበያዋን፣
ዙልማ ትመጣለች፣ ቴርሞሷን በብብቷ፣
ባዶ ፌስታል አጣጥፋ፣ ከትታ በኮቷ።
የወፍ ሻጩን ጫጫታ አልፋ፣ የዛገውን ቧንቧ አልፋ፣
በራቸው የጠፋ ቁልፎች፣ አንድ ጆንያ ሙሉ፣ አልፋ፣
ዋልዴማር ዘንድ ስትደርስ፣ እሱ ቀና ሳይል ገፋ
በእግሩ ጫፍ ሣጥኑን። «ያንቺዎቹ፣» አላት።

የሷዎቹ፦ ስለ መጻፍ የተጻፉ።
የምልልስ ብልሃት። የሴራ አወቃቀር በሃያ ትምህርት።
ቅጽል ለሚያበዙ። ለጀማሪ፣ ሁለተኛ እትም፤
ጀማሪው ማን እንደነበር ግን አይታወቅም።

«ምነው አንቺ፣» ይላታል ማቴውን እየሳበ፣
«ይኸ ሁሉ መጽሐፍ ተገዛ፣ ተነበበ፤
ወንዝ ዳር ተቀምጦ ስንት ዓመት ዋና ታሰበ?»
መልስ የላትም። ገልብጣ አየችና ጀርባውን፣
«ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ ቀንስልኝ» አለች «ዋጋውን።»

ሠላሳ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ላይ ቲኬት ቆርጣለች፤
«ዝርዝር ይዘሃል?» ስትል የስንቱን ፊት አይታለች፤
ያን ሁሉ ፊት ልትጽፈው ጡረታዋን ጠበቀች፤
ጡረታው መጣ፤ እሷ ግን «መጀመሪያ ልወቅ» አለች።

አዲስ አትገዛም። ውድ ስለሆነ ብቻም አይደለም፤
ማንም ያልነካው ገጽ ብቻዋን ያስቀምጣታል መሰለኝ።
አሮጌው ላይ ሰው አለ፦ በእርሳስ ያሠመረ፣
«እውነት ነው!» ብሎ ኅዳጉን በደስታ የሞነጫጨረ፣
«ከሰኞ ጀምሮ» ብሎ ከነቀኑ የቀጠረ።
የሁሉም እርሳስ ታዲያ ምዕራፍ ሦስት ላይ ይደክማል፤
ከዚያ ወዲያ ገጹ ሁሉ እንዳልተረገጠ አሸዋ ይነጣል።

ማታ፣ እግሯን ወደ ምድጃው ዘርግታ፣ የዛሬውን ገለጠች።
ምዕራፍ ሦስት፦ «ዝርዝር»።
ገጽ አርባ አንድ ላይ ቢጫ ቲኬት፤
መስመር መቶ አራት፣ የጠዋት፣
የተቀደደው በግራ ጫፉ፣ ወደ ታች ሰያፍ።
በዚያ መስመር እንዲያ የሚቀድ አንድ እጅ ብቻ ነበር፣
ግራኝ እጅ።

እጇን አየችው።

ያን ጠዋት ይኸን መጽሐፍ ጉያህ ውስጥ ይዘህ ነበር?
ወይስ ሴት ነበርሽ? ቆመሽ ነበር? ዝናብ ነበር?
መልስሽን ሳልሰጥሽ ይሆን የወረድሽው?

ከቲኬቱ ሥር መልመጃ፦
«የማታውቀውን ሰው በሦስት መስመር ግለጽ።»
ሦስት ባዶ መስመር።
በመጀመሪያው ላይ የእርሳስ ነጥብ ብቻ፣
እጅ አርፎ፣ አስቦ፣ የተነሣበት።

ዙልማ እርሳሷን በሽንኩርት ቢላዋ ቀረጸች።
የመጀመሪያውን መስመር ለባለቤቱ ተወችለት፤
ከሁለተኛው ጀመረች፦
«ዝርዝር አልነበረውም፤
እኔም መልስ አልነበረኝም።»