ሁለት ካንዴላ

ታቦር ከኋላዬ፣ ፀሐይ ከፊቴ ልትጠልቅ ስትል፣
ሰባት ሰው ጭኛለሁ፣ «ጉማሬ አሳየን» የሚል፤
ሞተሬ አንዴ ሳለ፣
ደግሞ ሳለ፣
ዝም አለ።

ገመዱን ሳብሁት፤ ደግሜም ሳብሁት፤
እስከ አሥራ አራት ቆጠርሁ፣ ከዚያ ቁጥሩን ተውሁት።
አንዱ ባለ ባርኔጣ፣ ከአዳማ የመጣ፣
«ቤንዚን ይሆናል» ብሎ ብልሃት አወጣ፤
ልጁ፣ «ጉማሬ ሰው ይበላል ወይ?» ሲል፣
እናቱ አፉን ያዘች፣ ሳይጨርስ ቃል።
እኔ ካንዴላ ፈታሁ፤
ጥቀርሻውን በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁ
(እድፉ ዛሬም አለ፣ ኦሞ አልበገረውም)፤
መለስሁት፤ ሳብሁት፤ የሚሰማ የለም።

የተመለስነው በአንድ መቅዘፊያ ነው፣ በጨለማ፤
ባለ ባርኔጣው በግራ ሲያግዝ፣ በነጠላ ጫማ።
አሞራ ገደል ስንደርስ ዓሣው ተሽጦ አልቋል፤
አንድ አባ ኮዳ ብቻ አንገቱን ቀብሮ ቆሟል።
ሒሳብ አልተቀበልሁም። ማን ይቀበላል?

ሌሊቱን ጥፋተኛ ስፈልግ አደርሁ፤
ከታናሽ ወንድሜ ሌላ ሰው አጣሁ።
ቤንዚኑን ከዘይት የሚቀላቅል እሱ፣
በመስፈሪያ ሳይሆን፣ ደስ እንዳላት ነፍሱ።
ስሙን ጠርቼ ሰደብሁት፣ ቡናሬ በሌለበት፤
ጀልባ ለሁለት መግዛት ጭቅጭቅ መግዛት ነው፣ ወለድ ያለበት።

ሆጤሶ ከመነኸሪያው ጀርባ ነው ያለው።
ጆሮው ከከዳው ቆየ፤ ሞተር የሚያዳምጠው
በጣቱ ነው። ክዳኑን ይነካል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣
«አንደኛው ሲሊንደር ተኝቷል» ይላል።

ካንዴላዎቼን ከመዳፉ ላይ አጋደመ።
«የትኛው ነው የላዩ?» «አላውቅም።» ተገረመ፤
«ፊታቸውን ላስነብብ ብለህ ስማቸውን ረሳህ?
በል ና፣ ጠጋ ብለህ እይ፣ ለራስህ።
ጥቁርና ርጥብ ከሆነ፣ እንደ ድስት ቂጥ ከጠቆረ፣
ወይ ዘይትህ በዝቷል፣ ወይ ካንዴላህ ለሥራህ ቀዝቃዛ ነበረ።
ነጭ ሆኖ ከተሰነጠቀ፣ እንደ ከረመ አጥንት፣
ትኩስ ነው፤ ፒስተን ይበሳል፣ ሳታስበው፣ በአንድ ዕለት።
የደኅነኛው ቀለም የትምባሆ ቅጠል ነው፤
ደርቆ፣ ገና ሳይፈጭ፣ ጋያ ሳይገባ ያለው።»

«ትኩሱ ታዲያ የተሻለ አይበራም?» አልሁት።
«ብልጭታው አንድ ነው» አለ። «ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው፦
አንዱ የቀመሰውን እሳት ቶሎ ለብረቱ ያስረክባል፣
ሌላው ይዞት ያድራል።
መረብ እየጠበቀ ቀስ ብሎ ለሚዞር ይዞ የሚያድር ይሻላል፤
ሙሉ ጋዝ ለሚሮጥ ግን፣ ያው መያዙ ይፈጃል።»

ከዚያ በጥፍሩ የጥርሱን ቁመት ለካልኝ።
«ይሄ ረጅም ነው፤ ያንተ ሞተር አጭር ነው የሚፈልገው» አለኝ።
«ሁለት ጥርስ ቢጨምር ፒስተኑን ይስመው ነበር።
ማነው የገዛው?»

የገዛሁት እኔ ነበርሁ።
አረብ ሰፈር፣ ከመንገድ ዳር፣ ከካርቶኑ ጽሑፍ አንድ ፊደል መጉደሉን እያየሁ፣
በግማሽ ዋጋ፣ ተከራክሬ፣ ደስ ብሎኝ፤
ለወንድሜም አሳይቼው «ጎበዝ» አለኝ።
ጎበዝ።

«አንድ ስጠኝ» አልሁ፤ የያዝሁት ለአንድ ነው የሚበቃ።
«አንድ አልሸጥም። ጥንድ ናቸው። ወንድምህን ጥራ፤ በቃ።»

ጠራሁት። መጣ። ሳይጠይቀኝ ከፈለ።
ሆጤሶ ቀጭኑን ስለት በክፍተቱ አሳለፈ፣
ነካ አደረገ፣ ደግሞ አሳለፈ፤
«ከጠበበ ብልጭታው ይታፈናል፤
ከሰፋ ዘሎ አይደርስም» አለና
ለየአንዳንዳችን አንድ አንድ አስጨበጠን።

ማለዳ፣ ሐይቁ ዳር፣ ቡናሬ መጀመሪያ በጣቱ፣ ከዚያ በቁልፍ አሰረ፤
ዘይቱን እኔ ሰፈርሁ፣ በልክ፤ አየኝና ምንም አልተናገረ።
ገመዱን በሁለተኛው ስስብ
አባ ኮዳው በርግጎ ተነሣ።

አሮጌዎቹን አልጣልንም፤ ከመረቡ ግርጌ አሰርናቸው፤
እሳት ባይሆንላቸው ክብደት አላቸው።
ከሐይቁ ወለል፣ ከጭቃው፣ ከጨለማው ገብተው፣
ቆሮሶ ይይዛሉ፣ ማንም ቁጥራቸውን ሳይጠይቃቸው።