ስምንት እርምጃ ወደ ውኃው

ከሰዓት በኋላ ጀልባዬን ሳጥብ፣
መጣ አንድ ተማሪ፣ ስልኩን እንደ ጧፍ ይዞ፣ ከወደቡ ግንብ።
ምንይችል እባላለሁ፣ ከማርቆስ ነኝ አለኝ፣
«ሣጥን ተደብቋል፤ እትዬ፣ አብረን እናግኝ።»

«የምን ሣጥን?» ብለው፣ «የመታሰቢያ ነው፤
በጣልያን ዘመን፣ እዚህ አባይ መውጫው፣ ምሽግ ለተከበበው።
ያገኘ ይከፍታል፣ ይጽፋል ስሙን፣
አንድ ነገር ወስዶ አንድ ይተካበታል፣ ይመልሳል ሣጥኑን።»

ስልኩ ላይ ቀስት አለ። ሰሜን አሥራ አንድ፣ ምሥራቅ ሠላሳ ሰባት፣
ከነጥቡ ወዲያ የቁጥር ጋጋታ፣ የሎተሪ ዕጣ የሚመስል ሰልፍ ያለበት።
ወሰደን በሾላው ሥር፣
ምንጣፍ በሚታጠብበት በድንጋዩ ዳር፣
አባይ ከጣና እጅ ሾልኮ እስከሚያመልጥበት በር።

እዚያ ስንደርስ ቀስቱ አልቆመም።
«ስምንት እርምጃ ቀረን» አለ፤ ወደ ፊት ግን መሬት የለም።
ውኃ ነው። ደንገል ነው። ከደንገሉ ወዲያ
እምቦጭ ተንጣሏል፣ ሻጭ የሌለው አረንጓዴ ገበያ።

ሳቅሁ። ስልክ ምን ያውቃል? ጣና በየክረምቱ
ሳይጠሩት ይመጣል፣ ይገባል እስከ ቤቱ፤
በበጋ ሲመለስ፣ ይዞት የሄደውን ዳር
መልሶ አያስቀምጥም ድሮ ከነበረበት አፈር።

ቀሚሴን ሸብ አርጌ ገባሁ እስከ ጉልበት፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…
ጭቃው ጫማዬን ዋጠ በስድስት።
በስምንተኛው፣ እንደ ጉማሬ ጀርባ ብቅ ያለ ድንጋይ፤
ከስንጥቁ ውስጥ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የብስኩት ቆርቆሮ፣ ዝገቱ ከላይ።

የጥይት ቀለህ አለ፣ የደንብ ልብስ ቁልፍ፣
አምስት ሳንቲም፣ ላጲስ፣ ስሞች የሞሉበት ቀጭን መጽሐፍ፤
አንዱ ከጎንደር ነው፣ አንዷ ከሐዋሳ፣
አንዱ የጻፈበት ፊደል እኔም እሱም የማናውቀው፣ የወፍ ዱካ የመሰለ ጠባሳ።

ከሥሩ በታይፕ የተጻፈ ወረቀት፦
«ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ቆየ ምሽጉ፣ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶበት።
በውስጡ ያሉት ምን በልተው እንደሰነበቱ
አይታወቅም።»

አይታወቅም!
ደግሜ አነበብኳት። ውኃው ጉልበቴን ይልሳል።

እኛ ቤት ይታወቃል።

አያቴ አወል፣ ታንኳ ሠሪው፣
ሌላው በሌላ ስም ሲጠራን፣ እሱ ግን «ነጋዴ ነን» ባዩ ሰው፣
ቀን ቀን ዓሣውን ለከበቡት ሸጠ፤
ማታ ማታ፣ የዘንጉን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣
ለተከበቡት አመላለሰ በጨለማ።
ከአንዱ ወገን ጥይት፣ ከሌላው ጨው ተቀበለ።
አርበኛ አልነበረም። ባንዳ ለማለትም
አንደበት የሚታዘዘው ልጅ እኛ ቤት አልተወለደም።

«ለምን?» ሲሉት፣ መረቡን እየጠገነ፣
«ምሽጉ ውስጥ እህል የሚፈጩት ሴቶች የኛው ናቸው፤
ጣልያኑ ሳይርበው እነሱን ነው የሚርባቸው» ይል ነበር አሉ።

በአርባኛው ሌሊት ግን አልሄደም።
ታንኳዋን ከውኃ አወጣ፣ ከሾላ ሥር አጋደማት።
«ደንገሏ ውኃ ጠጥቷል፤ ትድረቅ» አለ፣ ተኛ።
ሲነጋ ነጭ ጨርቅ ታየ ከምሽጉ ጫፍ።
እውነት ጠጥቶ ነበር? ደንገል ይጠጣል፤ ሁላችንም እናውቃለን።
ለምን በዚያ ሌሊት? እሱን አፈሩ ያውቃል።

«እትዬ፣ ስምሽን ጻፊ» አለኝ ምንይችል፣ እስክሪብቶውን ነቅሎ።
ስሜን አልጻፍኩም። እጄ እርጥብ ነው፣ ቀለሙ ይፈሳል፤
ግን ይህችን አሰፈርኩ፦
«በአርባኛው ቀን ታንኳዋ እየደረቀች ነበር።»
አነበበው፣ አየኝ፣ አልጠየቀኝም። ጨዋ ልጅ ነው።

ከሻሼ ጫፍ የዛገ መንጠቆ ፈትቼ ጨመርኩ፣
ላጲሱን ወሰድኩ፤ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነች፣ ብዙ ትሳሳታለች።

ሣጥኑን መለስነው። የብስ ላይ ወጥተን
ቀሚሴን ስጨምቅ፣ ስልኩን አሳየኝ፦
ቀስቱ አሁንም ውኃውን ይጠቁማል፣
ስምንት እርምጃ፣ ይላል፣
ስምንት እርምጃ።