ወረዳህን ግለጽ

ሰባተኛ ክፍል፣ የከሰዓት ፈረቃ፣
ኤሲው እያጓራ፣ ማርከሬ ሊያበቃ፣
ደብዳቤ ደረሰን ቀይ ባሕር ተሻግሮ፣
በአቶ ጥጋቡ ስልክ ፎቶ ሆኖ አድሮ፦

«ምዕራፍ አራት ይዘለል።
ምዕራፍ ስድስት ባለበት ይቆይ።
የቀድሞው ካርታ ለፈተና አያገለግልም፤
አዲሱ እስኪታተም መምህሩ በቃል ያስረዳ።»

ካርታ በቃል!
ምን ልበል? ተነሣሁ፤ ክንዴን ዘረጋሁት፣
በኤሲው ነፋስ ላይ ወሰን አሰመርሁት፤
በአመልካች ጣቴ ጫፍ ደቡቡን ከፋፈልሁ፣
ሲያስነጥሰኝ ደግሞ አንድ ዞን አጠፋሁ።
ልጆቹ ገለበጡ፣ እጅ እጄን እያዩ፣
ሠላሳ ሁለት አገር፣ ሁሉም የተለያዩ።

እኔ ሰባተኛ ስማር አውራጃ ነበር ያለሁት፣
ስመረቅ ዞን ሆኖ ጠበቀኝ፣ እንደ አዲስ ሸመደድሁት፤
እናቴ ከደጃፏ ሳትነሣ።

በጥር ደግሞ የዚህኛው አገር ተቆጣጣሪ መጣ፤
አንዲት ሥዕል አልወደደም። አልተቆጣም፣ ሻይ ጠጣ፣
ወረቀት ለጥፉባት አለ። ለጠፍንባት በሙጫ።
ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ከመጽሐፉ የሚያነቡት እሷን ብቻ፣
ወደ አምፖሉ አንሥተው።

የቤት ሥራውን ግን ማንም አልነካው፤ ከአሮጌው መጽሐፍ የተረፈ ነው፦
«ወረዳህን ግለጽ። ወንዙን፣ ተራራውን፣ የሕዝቡን መተዳደሪያ።»

ፈትሂያ፣ ጅዳ ተወልዳ ጅዳ ያደገች፣
በዐረብኛ እያሰበች በአማርኛ ጻፈች፦

«ወረዳዬ ከንደራ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ።
ወንዙ ማክሰኞ ማክሰኞ በቦቴ ይመጣል።
ተራራው ጣሪያችን ላይ ነው፤ ሲሞላ ያፈሳል።
የሕዝብ ብዛት ስድስት፤ አፈሳ ሲኖር ዘጠኝ።
መተዳደሪያ፦ የእማማ ክንድ።
ድምበሩ በምሥራቅ በኩል ድልድዩ ነው፤
ኢቃማው ካለቀ ወዲህ አባባ አይሻገረውም።»

የመልስ ቁልፉን ገለጥሁ፦ ክልል አለ፣ ዞን አለ፤
ሦስተኛ ፎቅ የሚባል ከቶ አልተካለለ።
የዚያው መምሪያ መግቢያ ግን፣ በደማቅ ቀለም፣ «ተማሪን ያማከለ»።

ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ብዙ ቆየሁ።
የጥበቃው ቁልፍ ኮሪደሩ ላይ ሲንኳኳ
ዐሥር ከዐሥር ጻፍሁ።

ከዚያ አንድ ቀነስሁ፦
«ድንበር» በ«ን» ነው የሚጻፈው፣ ፈትሂያ፤ በ«ም» አይደለም።
እኔ ላርመው የምችለው ድንበር ይኸው ነው፤ ሌላ የለም።