የጆሮ ፊርማ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ጠዋት ያለው ሰዓቱ ነው፤
ሰማዩ ወሬውን አልሰማም፣ ሌሊቱን እንደደረበ ነው።
ፀሐይ ኅዳር ላይ ሄዳለች፣ ደህና ሁኑ እንኳ ሳትለን፤
እስከ ጥር ብቅ አትልም፣ እኛም መጠበቁን ተውን።

ካራሾክ፣ ማደያው ፊት፣ አራት ሆነን ቆመናል፤
ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፤ ሽፋሽፍት እርስ በርስ ይጣበቃል።
ጉዳዩ የኒላስ መንጋጋ ነው፤ ኪርከነስ ሄዶ ይነቀላል፤
ለአንዲት የበሰበሰች ጥርስ አራት ሰው ይሄዳል?
ይሄዳል። በዚህ ጨለማ ሰበብ ያገኘ ሁሉ ይሳፈራል።

ኤሌ ቴርሞሷን ታቅፋለች፣ እንደ አራስ ልጅ ጠቅልላ፤
ወሬኛው ኒላስ ያወራል፣ ግማሹን ቃል ጉንጩ እየበላ።
ዮውና አለ፤ እሱ ዝም ነው። ከመስከረም ጀምሮ ዝም ነው።
መንጋውን የሸጠ ጊዜ «ጉልበቴን ያመኛል» አለን፤ አመንነው።

አውቶቡሱ ይሞቃል፤ የናፍጣና የእርጥብ ሱፍ ሽታ አለው።
ሹፌሩ ኦድቫር ሰው ብቻ አይደለም የሚያደርሰው፤
የታሸገ መድኃኒት፣ የሹራብ ክር፣ የተጠገነ የዓሣ መረብ፣
በየፖስታ ሳጥኑ እያንጠለጠለ ያልፋል፣ ብዙም ሳያስብ።
አሮጊቷ ራቭና ከወንዙ ዳር ተሳፈረች፣ ሦስት የበረዶ ቆቅ ይዛ፤
ሃያ ደቂቃ ተጉዛ
ቤት ከማይታይበት፣ መብራት ከሌለበት ወረደች።
«እዚህ?» አልኩ። በሩ ተዘጋ። ዞራም አላየች።

አምስት ሰዓት ላይ ጨለማው ሳሳ፤ ነጋ አይባልም፣
ሰማያዊ ነገር መጣ፤ ከበረዶው ይሁን ከላይ አይታወቅም።
ያኔ ነው ኦድቫር ፍሬን የያዘው። ሞተሩን አጠፋ፤
መንገዱን አጋዘን ሞላው፣
ቅጠሉ የረገፈ ጫካ እግር አውጥቶ ሲጋፋ።

ዮውና ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደገፈ፤
በትንፋሹ ሙቀት ውርጩ የሳንቲም ያህል ተገፈፈ።
በዚያች ቀዳዳ አየ። እኔም በትከሻው ላይ አየሁ፤
ጭራ ላይ የምትጎተት አሮጊት አጋዘን፣ ጆሮዋን ለየሁ፦
ግራው ሁለት ቦታ የተሸረፈ፣ ቀኙ ጫፉ የተሰነጠቀ፤
በሰባት ዓመቱ አያቱ የሰጡት ምልክት፣
በቢላ የተጻፈ፣ በደም የጸደቀ።
እዚህ አገር ሰው በወረቀት አይደለም፣ በጆሮ ነው የሚፈርመው፤
ገዢው ገና ደርቦ አልቆረጠባትም፤
የዮውናን ስም ይዛ ነው የቆመችው።

«ከስታለች» አለ ዮውና።
ሌላ ቃል አልወጣውም። እሷም ሄደች እንደገና
ከበረዶው ሥር ልትቆፍር፣ እንደ መንጋው፣ እንደማንም።
ኒላስ ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው።
ጥርሱን ይሆናል ያመመው።
ኤሌ የቴርሞሷን ክዳን ሞላች፤ «ያዝ» አለችው፤ ያዘው።
አልጠጣም። እስኪበርድ ድረስ በሁለት እጁ ጨበጠው።

ማታ ስንመለስ፣ ኒላስ አፉ በጥጥ ተጠቅጥቆ፣
ጥርሱን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ደብቆ፣
እዚያ ቦታ ስንደርስ ኦድቫር ፍጥነት ቀነሰ፤ ማንም ቀንስ አላለውም።
ኮቴ ብቻ ነበር፤ እሱንም ነፋስ ግማሹን ወስዶታል፣ አይለይም።
መስኮቱ ላይ ያቺ ክብ ቀዳዳ እንደገና ውርጭ ለብሳለች፤
ዮውና ግን አያያትም፤ ዓይኑ ኒላስ ላይ ነች።
«ያችን ጥርስ ምን ልታደርጋት ነው?» አለው፤
ከመስከረም ወዲህ የመጀመሪያ ጥያቄው።
ኒላስ በጥጡ መካከል መለሰ። ምን እንዳለ ማንም አልሰማው፤
ኤሌ ሳቀች፣ እኔ ሳቅሁ፣ ኦድቫር በመስታወቱ ውስጥ ሳቀ፤
ዮውና ከሁላችን ዘግይቶ፣ ግን ሳቀ።