ችካል ቁጥር ዐሥራ አራት

ግንቦት ሲገባደድ፣ ሐይቁ ሲሸሽ ርቆ፣
ጭቃው እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ፣
እኔ ሜትር ይዤ፣ ትርንጎ ካርታ፣
ወረድን ለልኬት ከደንገሉ ቦታ።

ካርታው ላይ ዳርቻው አረንጓዴ ቀለም፣
«ክፍት ቦታ» ይላል፣ ሌላ ቃል የለም።
ከውሃው ጠርዝ ጀምሮ መቶ ሜትር ድረስ
ግንብ እንዳይቆምበት፣ አፈር እንዳይታረስ።

«ግን ጠርዙ የቱ ነው?» ትርንጎ ጠየቀች፣
ጫማዋን አውልቃ ጭቃው ላይ ቆመች።
ታንኳ የሚጠፍረውን ይማምን ጠራነው።
«አብዬ፣ ውሃው እስከ የት ይደርሳል?» አልነው።
«በየትኛው ወር?» ሲል መልሶ ጠየቀን፣
ልጡን ጥርሱ ላይ ይዞ፣ ከእግር እስከ ራስ እያየን።

«ይህ የቆምሽበት፣ ልጄ፣ መስከረም ሲጠባ
የአምባዛ መንገድ ነው፣ እንቁላል ሊጥል ሲገባ።
ያች ሾላ ሥር ደግሞ» — ጣቱን እየቀሰረ —
«አባቴ ታንኳውን ከግንዷ ያስር ነበረ።»

ሾላዋ ከኛ ወዲያ፣ ሽቅብ ናት፣ ርቃ፣
ከሆቴሉ አሸዋ፣ ከብረቱ ተጣብቃ።
ትርንጎ ጻፈችው። ከሾላዋ ግንድ
ሜትሩን አስይዛኝ ቆጠርን በአንድ በአንድ፤
ችካል ቁጥር ዐሥራ አራት፣ ጫፉ ቀይ ባሕር ዛፍ፣
አረፈ ከሆቴሉ ማዶ፣ ከአስፋልቱ አፋፍ።

ይማም መጥቶ አየና ካርታውን ከበላይ፣
«እኔስ የታለሁ?» አለ፣ «እዚህ ቀለም ላይ?
ሆቴሉ ይውጣ፣ ይሁን፤ የኔስ ጎጆ? ደንገሉ?
አረንጓዴ ማለት ሰው የለም ነው ቃሉ?»

ትርንጎ የቀለሙን መፍቻ ቁልቁል አነበበች።
ቢጫው መኖሪያ ነው፤ ቀዩ ንግድ፤ ግራጫው መንገድ፤
ለይማም የሚሆን ግን አልተገኘም አንድ።

አሁን የኔን ልንገር። በዚያው ዕለት ማታ
አንድ ሰው ጠራኝ ከባጃጅ ፌርማታ፤
ስሙን አልነገረኝ፣ ስሜን ግን ያውቀዋል፣
የቤት ኪራይ ዕዳዬን ከኔ በላይ ቆጥሮታል።
አራት ሺህ ብር ነበር፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ።
«ችካል እንጨት ነው» አለ፣ «ይነቀላል ቶሎ።»

ነቀልኩት። ባሕር ዳር መብራት አልነበራትም፤
በመዶሻ ስመታው ማንም አልሰማኝም፤
አንድ ጉማሬ ብቻ ደንገል ውስጥ ተነፈሰ።
ዐሥራ አራት ከሾላዋ ቁልቁል ጭቃው ላይ ደረሰ።
አንድ ችካል ዋሽቶ መስመሩን አጠፈው፤
ሆቴሉን ከአረንጓዴው ወደ ቀዩ አሳለፈው።

ስብሰባ ተደረገ፤ ብስኩት፣ ውሃ፣ ሻይ፤
አቶ ጥጋቡ አነበቡ ጉባኤው ፊት ላይ።
ትርንጎ ተነሥታ «ይህ ቁጥር አይደለም
እኔ የጻፍኩት» ስትል የሰማት የለም።
ወደኔ ዞረች፦ «አንተ አልነበርክ የያዝከው ሜትሩን?»
እኔ አየሁ ጣራውን፣ አየሁ አምፖሉን።

ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ቀልተው ወረዱ፣
ሐይቁም ተነሥቶ መጣ በመንገዱ፤
ማንንም ሳይጠይቅ፣ ቃለ ጉባኤ ሳያይ፣
ገባ በሆቴሉ ምድር ቤት ወለል ላይ።
እምቦጩን፣ ፕላስቲኩን፣ የሲሚንቶውን ከረጢት
እያገላበጠ አመጣው ፊት ለፊት፤
በዚያ መሐል አንድ እንጨት፣ ጫፉ የቀላ፣
ይንሳፈፋል፣ ይዞራል ከአረሙ ኋላ።

ይማም ቀዘፈና አወጣው በእጁ።
«ማን ነቀለው?» አላለም፤ እኔን እያየ
እንጨቱን አጠበው፣ ቁጥሩ እስኪታይ ቆየ።
ከዚያ ለታንኳው ማሰሪያ ተከለው ከደጁ፤
በማግስቱም፣ እዚያው ደጁ ላይ፣ ወረቀት ተለጠፈ፦
«በአረንጓዴ ቦታ የሠፈራችሁ…» ተብሎ የተጻፈ።

ትርንጎን አዛወሯት። ካርታው እዚያው አለ፤
አረንጓዴው ፀሐይ መትቶት ገርጥቶ ዋለ።
በመፍቻው ግርጌ ግን፣ በእርሳስ አሥምራ፣
አንዲት ባዶ ሣጥን ሰጠችኝ አደራ፤
ስም አልጻፈችባትም።

ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ ቀለም ይዤ እቆማለሁ፤
መዶሻ የያዘ እጅ ነው፤ መልሼ አስቀምጣለሁ።