የደረቅ ወንዝ ለኪ

ሥራዬ ውኃ መለካት ነው፣ ውኃ በሌለው ወንዝ ዳር፤
ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከድልድዩ ምሰሶ ሥር
ቀይና ነጭ የተቀባ፣ ቁጥር ያለው ብረት አይቼ
«ዜሮ» እላለሁ በመዝገቤ፣ ፊርማዬን ከታች ትቼ።
ኅዳር ዜሮ። ታኅሣሥ ዜሮ። ጥር ዜሮ፣ የካቲት ዜሮ፤
መንግሥት ደመወዝ ይከፍለኛል፣ ባዶውን በወር ቆጥሮ።

ደቻቱ አሸዋ ነው።
ባጃጅ የሚያቋርጠው፣ ልጆች ኳስ የሚገፉበት፣
ግመል ጭነቱን አራግፎ፣ ተንበርክኮ የሚያድርበት፤
ሮብሌ ደግሞ በአካፋ፣ ለገልባጭ መኪና የሚቆልልበት።

«አንተ» አለኝ አንድ ቀን፣ ላቡን በሽርጡ ጫፍ ጠርጎ፣
«ሰው እንዴት በየማለዳው ይጽፋል፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ አንገቱን ሰብሮ?»
«ውኃ የለም ብዬ ነው።»
ሳቀ። አካፋውን ተከለ፣
ክንድ ያህል ቆፈረ፤ ተቀመጠ፤ ቃልም አልጨመረ።
አሸዋው ጠቆረ፤ ጠቆረና አላበው፤ አላበውና አቀረረ፤
ከጉድጓዱ ግርጌ ሰማይ ታየ፣ የመዳፍ ያህል።
«ይኸው። እግሩን ሸሽጎ ነው እንጂ፣ ይሄዳል።»

ከእፍኙ ላይ ይለያል፣ እንደ ወርቅ ሠሪ፣ አንድ ባንድ፦
«ይቺ ቀይዋ ከደንገጎ ናት። ይቺ ነጯ ኖራ።
ይቺ የማን ማሳ እንደነበረች እንጃ፤
ዛፍ ይዟት ኖሮ፣ ዛፏ ሲከስል የለቀቃት።»
በጆንያ የወረደው ከሰል፣ በአሸዋ የወረደው ተራራ
አንድ ቁልቁለት ነው የመጡት፣ አንዱ በአይሱዙ፣ አንዱ በጎርፍ ተራ።

ከዚራ ላይ ቤት ሲሠራ፣ ግድግዳው ያ ተራራ ነው፤
ሲሚንቶው ድንጋይ ነበር፣ ድንጋዩም ባሕር፣ ዛጎል የሞተበት።
በባሕር ውስጥ እንተኛለን፣ በግንቦት፣ እያላበን፣
ቬንትሌተሩ ላይ ዓይናችንን ተክለን፣
ውኃ ጠፋ እያልን።

ነፋሱም ሥራ አይፈታም። ከሰዓት በኋላ ከአሸዋው ተነሥቶ
ቁልቁለቱን ሽቅብ ይወጣል፣ የኛን ላብ፣ የኒሙን ትንፋሽ ተሸክሞ፤
ደንገጎ ጫፍ ይበርደዋል፤ ሲበርደው ያለቅሳል ቆሞ።
«ስሜ» ይለኛል ሮብሌ፣ «በኛ ቋንቋ ዝናብ ያለው ማለት ነው።
እናቴ በዝናብ ወለደችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዕዳ አለብኝ መሰል፣
አይጠይቀኝም።»

ነሐሴ፣ ማታ። በድሬ ጠብታ የለም፤ ኮከብ አንድም አልጎደለ።
የማይሮ ፍየሎች እንደ ወትሮው ወደ ማዶ ሊሻገሩ መጥተው
ዳርቻው ላይ ቆሙ። ገፋቻቸው። ቆሙ።
(ማይሮ ከዘጠና ስምንቱ ጎርፍ ወዲህ
ክረምቱን ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የምትተኛው፤ በአርጩሜ አልደገመችም።)
ጉንዳን እንቁላሉን ይዞ በምሰሶዬ ሽቅብ፣
ሁለትን አለፈ፣ ሦስትን አለፈ።
ነፋሱም ዞረ፤ ከላይ ወደ ታች፣ እርጥብ አፈር እየሸተተ።

ሮብሌ አካፋውን ጣለ። «ውጣ!»
«ሰማዩ እኮ ጥርት...»
«ሰማዩን ተወው! ፍየሏን እይ!»

መጀመሪያ ድምፅ ነው፤ ድሮ ባቡሩ ሲገባ መሬቱ እንደሚለው።
ከዚያ ግንብ። ቡናማ፣ የሚራመድ ግንብ፣
ከፊቱ ግንድ፣ የጀሪካን መንጋ፣ ጎማ፣ ከነሥሩ ማሽላ፣
ቀለሙ ያልደረቀ የአንድ ሰው በር።
ደንገጎ ላይ የዘነበውን ነው ያየነው፤
ደንገጎ ላይ የተቆረጠውንም።

ሲነጋ ብረቴ የለም። በአሮጌው አሸዋ ላይ አዲስ አሸዋ፣
ገና የሚተነፍስ። ሮብሌ አካፋ ተበድሮ መጣ፤
«የሸጥኩትን መለሰልኝ» አለ፣ እየሳቀ፣ ዓይኑ ግን ማዶ፣
ሰዎች በዝምታ የሚቆፍሩበት ላይ ነበር።

መዝገቤን ገለጥኩ።
ያን ሁሉ ዜሮ ልሰርዝ አሰብኩ፤ የመንግሥት ወረቀት አይሰረዝም።
«የውኃ ከፍታ» በሚለው ሥር ባዶ ተውኩ።
«ምርመራ» በሚለው ሥር ጻፍኩ፦
መለኪያው ሄዷል።
ፍየሎቹ ቀድመው ዐውቀዋል፤ ደኅና ናቸው።