የነሐስ ብሎን

ከአልጋው ሥር ጎትቼ ሁለቱን አወጣሁ፣
የካፖርቱን ገመድ በጥርሴ ፈታሁ።
የምድር ባቡር ካፖርት፣ ቁልፉ የረገፈ፣
እጅጌው ናፍጣ ጠጥቶ የገዘፈ።

አንደኛው ቤልጅግ ነው፣ ሁለት አፍ ጎን ለጎን፣
አያቴ ለሠርጉ ያገኘው እንደሆን፣
ወይ በቁማር በልቶት፣ ማን ያውቃል እውነቱን፤
አባዬ ሲጠየቅ ይለውጣል ወሬውን።
ሁለተኛው አንድ አፍ፣ ስሙም የማይነበብ፣
ዝገት የላሰው፣ ለማገዶ የሚታሰብ።

“ሽጫቸው” አለኝ ወንድሜ በስልክ ከጅጅጋ፣
“አባዬ አያይም፤ ምን ያደርጋል አልጋ
ሥር ብረት አቅፎ መተኛት በበጋ?”

እኔ ግን ጀመርኩት።
ደቻቱ ደርቆ፣ አሸዋው ሲጋገር በቀትር፣
ከመጋላ ገዛሁ የተልባ ዘይት አንድ ሊትር፣
ጋዝ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ጨርቅ፤
አብዱሰመድ አናጺው ሱቁ ደጅ እየሳቀ መሳቅ፣
“እንጨት እንደ ቆዳ ነው፤ አይፋቅም፤ ይጠጣል፣
ትንሽ ስጪው፣ ጠብቂው፣ ሲጠማው ይነግርሻል።”

ዘጠኝ ቀን አሸሁት። ዝገቱ እንደ በርበሬ
ጥፍሬ ሥር ገባ፤ አልወጣም እስከ ዛሬ።
አንድ አፉን ግን ተውኩት፤ ብረቱ ወንፊት ሆኗል፣
ቢተኩስ የሚገድለው ተኳሹን ይሆናል።

አባዬ በረንዳው ላይ፣ በሽቦ ወንበሩ፣
ዓይኑን ሞራ ጋርዶት፣ ጆሮው ነው መነጽሩ።
ቤልጅጉን ከፍቼ መልሼ ስዘጋ፣
“ትርንጎ፣ ገና ነው” ይላል፣ “ድምፁ አልረጋ።”
እንደገና ዘይት፣ እንደገና ጨርቅ፣ እንደገና ቀጭ።
“ገና ነው።”
መብራት ሄደ። በሻማ ቀጠልኩ። ቀጭ።

ድሮ እሁድ እሁድ፣ በእጅ ጋሪ ሐዲድ ላይ፣
ሽንሌ ይወርድ ነበር ለጅግራ፣ ሳትወጣ ፀሐይ።
ወጡ ውስጥ እርሳስ ይቀራል፤ ያኘከ ጥርሱ ገጭ ሲል፣
በክብሪት ቀፎ ያኖራል፤ የሞላለት ጌታ ይባላል።
የወንድሜ ሁሌ ይሞላ ነበር። ከኔ እየሰረቀ።

ገማቹ መጣ አንድ ቀን፣ ከአዲስ አበባ በባቡር፣
ባትሪውን አበራ አፈሙዙን ሊመረምር።
ሰደፉን ዳበሰ፣ ጭረቱን ቆጠረ፣
ከማጠፊያው ብሎን ላይ ጣቱን አኖረ፦
“ያማረ መሣሪያ ነው፤ ይቺ ብሎን ግን ባዳ ናት፣
ፋብሪካው አያውቃትም፤ የሰው እጅ ነው የጠረባት፤
ግማሹን ዋጋ በላች፤ ማን ይሆን የቸነከራት?”

አባዬ ከወንበሩ፣ ፊቱን ወደ ድምፁ አዙሮ፣
“እኔ ነኝ” አለው፣ እንደ ተከሳሽ ተነሥቶ፣ ትንሽ አፍሮ።
“በቶርኖ ነው የሠራኋት፣ አለቃው ለምሳ ሲወጣ፣
ከባቡር ፊሽካ ነሐስ፣ ተሰብሮ ከቆሻሻ ከወጣ።
ሦስቴ አበላሸሁ፤ አራተኛዋ ገባች።
ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አንድም ቀን አልላላች።”

ገማቹ ዝም አለ። ሻዩን ጨረሰ። ሄደ።

እኔ ግን ኪሴ ውስጥ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣
ከታይዋን የገዛሁት ብሎን ነበር፣ ነሐሷን ልተካ ብዬ።
እስከ ማታ፣ ቁጭ ባልኩ ቁጥር፣ ጭኔን ወጋኝ።

በሳምንቱ፣ ፈቃዱን በስሜ ላዞር፣ ሄድኩ ፖሊስ ጣቢያ፤
ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ፣ “ምን ብዬ ልጻፍ? የምን መገልገያ?”
ለአባዬ ደወልኩ። ትንሽ አሰበና፣
“ለጅግራ በዪው” አለኝ።
“ከዚራ ውስጥ ጅግራ የት አለና?”
“አንቺ ጻፊ፤ ጅግራ ወረቀት አያነብም።”

ጸሐፊው ከት ብሎ ሳቀ፤ “ለጅግራ” ብሎ ጻፈ፤ ማኅተሙን መታ፤ ቀጭ።
ከስልኩ ውስጥ አባዬ፦
“ይኸው! አሁን ገጠመች።”